ኔትዎርክ የማትጠይቅ መንኮራኩር

በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ሰከላ ገባ። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ዞን ካለው የግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር ቆሞ ውሃውን ጠጣ፤ ደስታውን ሲጨርስም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከጓዙ መካከል ኳድራንት የሚባል፣ በሰው ሸክም ገደል ለገደል የተጋዘ ከባድ መለኪያ ነበረ። በእሱ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ ምንጩ በምድር ላይ የት እንደሚገኝ አሰላ። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከዚያው ምንጭ መድረሱን ብሩስ ሊቀበል አልወደደም፤ ግትር ሰው ነበር። ልኬቱን ግን በጥንቃቄ ሠርቷል።

ሰማይን አይቶ ያሉበትን ማወቅ፣ በእጅ ባለው መሣሪያ መንገድ መፈለግ፣ መሣሪያው ሲበላሽም ጠግኖ መቀጠል ድሮ የተጓዥና የመርከበኛ ሙያ ነበር። ከብሩስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የኮምፒውተር ጨዋታ ሆነ። እዚህ የምተርከው የዚያን ጨዋታ ታሪክ ነው። ተኩስ ብቻ የሆነውን የጠፈር ጌም ማለቴ አይደለም። መንኮራኩሯ በዝርዝር የተሠራችበትን፣ ተጫዋቹ ነዳጇን፣ አየሯን፣ ኃይሏንና ሞተሯን እየተቆጣጠረ ጸጥ ባለው ሕዋ ውስጥ የሚጓዝበትን ዓይነት ነው። ታሪኩን የማየው በምዕራብ ጎጃም ካሉት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በኩል ነው። ከዚያ ሲታይ በፈረንጅ መጽሔቶች የማይነሳ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ ኔትዎርክ ሲጠፋ የትኛዋ መንኮራኩር ትበራለች? ዘመኑን የማስቀምጠው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ስፔስዎር የተባለውን ጌም ጻፉ። ኮምፒውተሩ ፒ ዲ ፒ 1 ይባላል፤ ቁም ሳጥን ቁም ሳጥን ከሚያካክሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። በስክሪኑ ላይ ሁለት መንኮራኩሮች በመካከል ባለች ኮከብ ስበት እየተጎተቱ ይታኮሳሉ። ነዳጃቸው የተወሰነ ነው፤ ያለ ሒሳብ ያቃጠለ ወደ ኮከቧ ይወድቃል። ፒተር ሳምሰን የተባለው ጓደኛቸው ደግሞ ከጀርባ በዘፈቀደ የተበተኑት ነጠብጣቦች አላስደሰቱትም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 22 ዲግሪ ተኩል፣ በስተደቡብም ያንኑ ያህል ያሉትን እውነተኛ ከዋክብት እንደየድምቀታቸው አስገባ። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። ስለዚህ በከተማዋ አናት ቀጥ ብለው የሚያልፉት ከዋክብት በመጀመሪያው የጠፈር ጌም ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በእኔ ግምት የዚህ ጨዋታ ግማሽ ነፍስ የተገኘው ያን ዕለት ነው። ሌላው ግማሽ፣ የመንኮራኩሯ ሆድ ዕቃ፣ ገና አልመጣም።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። የቦንጋው ተወላጅ ቅጣው እጅጉ ከተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ኋላ ወደ ጃፓን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በናሳ የሠሩ የጠፈር ሳይንቲስት ሆኑ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለስ የዚያ ዘመን ተማሪ በአውቶቡስ መስኮት የሚያየው ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን ነበር። በዚያው አሥር ዓመት አሥመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖች ግዙፍ አንቴናዎች ተክለው፣ ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚልኳቸውን መንኮራኩሮች ድምፅ ያዳምጡ ነበር። የጠፈሩ ፉክክር ከእኛ ሰማይ ሥር አልራቀም።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈች። ከሰባ በላይ የአገር መሪዎች የላኩት የመልካም ምኞት ቃል በአንዲት ትንሽ የሲሊከን ዲስክ ላይ ተቀርጾ እዚያው ቀርቷል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴም ቃል አለበት። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከማረፋቸው ደቂቃዎች በፊት የሆነው ነው። የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር ሥራ በዝቶበት 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አወጣ። ማሽኑ ቀላሉን ሥራ እየጣለ፣ ለማረፍ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። ምድር ያሉት ባለሙያዎች ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ስላወቁ "ቀጥሉ" አሉ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ምርጥ የመንኮራኩር ጌሞች ሁሉ ይህችን ደቂቃ ደግመው ለመፍጠር የሚደክሙ ይመስለኛል፤ ቀይ መብራት ይበራል፣ የቱን ጥሎ የቱን እንደሚይዝ ተጫዋቹ ይወስናል።

በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰን የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ ባለሙያ ስፔስ ትራቭል የሚባል ጌም ጻፈ። ፀሐይን፣ ፕላኔቶችንና ጨረቃዎችን የያዘ ነበር፤ መንኮራኩሯን እየነዱ ማረፍም ይቻላል። መጀመሪያ በጻፈበት ትልቅ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ መጫወት የ75 ዶላር የማሽን ሰዓት ይበላ ነበር። ቶምሰን ማንም ወደማይፈልገው አንድ አነስተኛ ፒ ዲ ፒ 7 አዛወረው። በዚያች ማሽን ላይ ለጌሙ ሲል የጀመረው ሥራ አድጎ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ተወለደ። ሊነክስ ዩኒክስን አርአያ አድርጎ ተሠራ፤ አንድሮይድ ደግሞ ሊነክስን መሠረቱ አደረገ። ዛሬ በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ገበሬ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ የዘር ሐረጉ ከአንድ የጠፈር ጌም ይመዘዛል።

በ1962 ዓ.ም. መግቢያ ጂም ስቶረር የተባለ የማሳቹሴትስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጨረቃ ላይ የማረፍ ጨዋታ ሠራ። ሥዕል የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በየ10 ሴኮንዱ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚቃጠል ይጻፋል፣ ማሽኑ ከፍታውንና ፍጥነቱን ይመልሳል። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ማይክ ሜይፊልድ የተባለ ወጣት ስታር ትሬክ በተሰኘው የቴሌቪዥን ተከታታይ መነሻነት አንድ ጌም ጻፈ፤ የመንኮራኩሯ ሆድ ዕቃ በደንብ የታየው እዚህ ላይ ነው። መከላከያ ጋሻ፣ የቅርብና የሩቅ መመልከቻ፣ ሞተር፣ የጉዳት ዘገባ አላት። ሁሉም ከአንድ ቋት ኃይል ይሻማሉ። ለጋሻው የተሰጠው ለመሣሪያው አይተርፍም። ይህም በወረቀት ላይ በሚታተም ቁጥርና ፊደል ብቻ የሚጫወቱት ነበር፤ ዴቪድ አል በመጽሐፍ ካሳተመው በኋላ ብዙ ሰው መስመር በመስመር እየገለበጠ በየማሽኑ ጻፈው። የጌም ስርጭት በእጅ ጽሑፍ የነበረበት ዘመን ነው።

ከዚህ በኋላ የእኛ ታሪክና የጌሙ ታሪክ ለዓመታት ተራራቁ። አብዮቱ መጣ፣ ቃኘው ተዘጋ። የተገናኙት በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ግንኙነቱ ግን ደስ የሚል አይደለም።

መስከረም 10 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ኢሊት የተባለው ጌም ለገበያ ቀረበ። የሠሩት ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ዴቪድ ብራቤንና ኢያን ቤል። ጌሙ የተጻፈላት ኮምፒውተር ደግሞ ቢቢሲ ሕዝቡን ኮምፒውተር ለማስተማር ላሰናዳው ዘመቻ በአኮርን ኩባንያ የተሠራችው ቢቢሲ ማይክሮ ነበረች። ለጌሙ የተረፈው የማስታወሻ ቦታ 22 ኪሎ ባይት ያህል ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ልጆቹ በዚያች ቦታ ስምንት ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱም 256 የከዋክብት ሥርዓት አስገቡ። ዘዴያቸው ፕላኔቶቹን አንድ በአንድ አለመመዝገብ ነበር። ጥቂት ቁጥሮችን እንደ ዘር አስቀምጠው፣ ተጫዋቹ በደረሰ ጊዜ ማሽኑ ከዘሩ ስሙን፣ መንግሥቱንና የገበያ ዋጋውን አስልቶ ያወጣዋል። ዘሩ አንድ ስለሆነ ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው።

ጌሙ ዓላማ አይሰጥም። መቶ ክሬዲት፣ አንዲት ትንሽ መንኮራኩርና ክፍት ሰማይ ይሰጣል። እህል ከርካሽ ፕላኔት ገዝቶ ለውድ መሸጥ፣ ከትርፉ ነዳጅ መቅጃ ወይም የተሻለ መሣሪያ መግጠም የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ወደብ መግባት ነበር፤ የሕዋ ጣቢያው በዝግታ ይሽከረከራል፣ በሩ ጠባብ ነው፣ መንኮራኩሯን በዚያው ፍጥነት እያሽከረከሩ ቀጥ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ስንቱ ልጅ ጠርዙ ላይ እየተላተመ ሌሊቱን እንዳነጋው!

ኢሊት በወጣ በወሩ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ያው ቢቢሲ የማይክል በርክንና የካሜራ ባለሙያውን መሐመድ አሚንን ዘገባ ከኮረም አሰማ። ዓለም የ1977ቱን ረኃብ ያየው በዚያ ነው። የእንግሊዝ ልጅ በምናብ እህል ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ሲያጓጉዝ፣ የወሎ ገበሬ በእውን እህል አጥቶ ነበር። በዚያን ዓመትና በተከታዩ ብዙ ሺህ የሰሜን ሰዎች በሰፈራ ወደ ጎጃም፣ መተከል ፓዌ ተጓጓዙ። ሁለቱን ነገሮች ያያያዝኩት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በአንድ ስም ሥር፣ በአንድ ወር ውስጥ መሆናቸው ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ከኢሊት በኋላ መንገዱ ሰፋ። በነሐሴ 1978 ስታርፍላይት ወጣ፤ ባለሙያ ቀጥሮ ማሠልጠን፣ የመንኮራኩሯን ክፍሎች እየገዙ መቀየር፣ ፕላኔት ላይ ወርዶ በተሽከርካሪ ማሰስ ያለበት፣ ወደ 800 የሚሆኑ ፕላኔቶች የያዘ ጌም ነው። በ1986 ዓ.ም. ብራቤን ፍሮንቲየር የተባለውን ሁለተኛውን ኢሊት አወጣ፤ አንድ ሙሉ ጋላክሲና እውነተኛውን የኒውተን ሕግ በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ጭኖ። ሕዋ ውስጥ ፍሬን የለም፤ የሄዱበትን ያህል ወደ ኋላ ካልተኮሱ አይቆሙም። ብዙ ተጫዋች ይህን ጠላው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ማሽን የሚከበረው ሕጉ ሲከበር ነው።

በ1993 ዓ.ም. ሁለት የብቸኛ ሰዎች ሥራ አደባባይ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬም ከሁለቱ የተሻለ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ወዳጅ የምመክረው ብዙ የለም። የመጀመሪያው ኦርቢተር ነው። ማርቲን ሽዋይገር የተባለ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ በነጻ የለቀቀው፣ በኋላም በ2013 ዓ.ም. ኮዱን ለሁሉ የከፈተው ነው። ጠላት የለም፣ ነጥብ የለም። ከመሬት ተነሥቶ ምሕዋር ውስጥ መግባት፣ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር መገጣጠም፣ ጨረቃ መሄድ ብቻ ነው። አፍቃሪዎቹ የአፖሎን መንኮራኩሮች ከነማብሪያ ማጥፊያዎቻቸው፣ ከነኦክስጅን ጋኖቻቸው፣ ከነኮምፒውተራቸው ሠርተው ጨመሩበት። ያ 1202 ያስነሳው ኮምፒውተር እዚያ አለ፤ ትእዛዙ የሚሰጠውም እንደ ጥንቱ በቁጥር ነው።

ሁለተኛው ኖክቲስ ነው፤ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ጊኞላ ብቻውን የጻፈው። መጠኑ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው፣ ሥዕሉም ሸካራ ነው። መንኮራኩሯ ጣሪያዋና ግድግዳዋ መስተዋት የሆነ ክፍል ነች። ተጫዋቹ ኮከብ ይመርጣል፣ ሊቲየሙን ይቆጥባል፣ ይጓዛል። ከፕላኔቱ ወርዶ በእግሩ ይራመዳል። ማንም አያናግረውም፣ ማንም አይተኩስበትም። ነፋስ ይነፍሳል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች። የሐምሌ ጉም በዳሞት ደጋ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው የኖክቲስን ጸጥታ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚህ መሐል ሕዋ ጎጃም የገባው በጌም አልነበረም። በፕላዝማ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍሉ ይመጣ ጀመር። በስክሪኑ ያለው መምህር በፍጥነት እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ለጥያቄ የሰጠው ደቂቃ ያልቃል፣ ያልፋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመጣ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው አንድ ነገር አለ፦ ከሩቅ በሚመጣ ምልክት ላይ የቆመ ነገር፣ ምልክቱ ሲቋረጥ ዜሮ ነው።

ሰኔ 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። የሠሩት ስኳድ በተባለ የሜክሲኮ ሲቲ የማስታወቂያ ድርጅት የሚሠሩት ፊሊፔ ፋላንጌና ባልደረቦቹ ናቸው። ሮኬቱን ከጋን፣ ከሞተርና ከክንፍ እየገጣጠሙ የሚሠሩበት ነው፤ ያልታሰበበት ሮኬት ማስወንጨፊያው ላይ ይፈነዳል። ናሳ ሳይቀር ከጌሙ ጋር ተባብሮ የአስትሮይድ ተልእኮ አስገብቶበታል። ትልቅ የጌም ኢንዱስትሪ በሌለበት አገር፣ ለጌም ባልተቋቋመ ቢሮ መሠራቱን ልብ ይሏል።

መስከረም 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ ቲ ኤል ተከተለ። ጀስቲን ማና ማቲው ዴቪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሥራቸው ለቅቀው ሠሩት፤ ከሕዝብ የለመኑት 10 ሺህ ዶላር ነበር፣ የተሰጣቸው ከ200 ሺህ በላይ ነው። መንኮራኩሯ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ቤት ፕላን፣ ክፍል በክፍል ትታያለች። የኃይል ማመንጫዋ ጥቂት አረንጓዴ መስመሮች ይሰጣል። ጋሻ፣ ሞተር፣ ኦክስጅን፣ መሣሪያና ሕክምና ክፍል እነዚያን መስመሮች ይካፈላሉ፤ ለሁሉም አይበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ሌላው ሁሉ በሚነቀልበት ቤት ያደገ ሰው የኤፍ ቲ ኤልን ሕግ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። አንድ ጊዜ ሞተር ክፍሉ በእሳት ተያያዘ እንበል። ሠራተኛ ልኮ ማጥፋት ይቻላል፣ ሰውየው ግን ይቃጠላል። ሌላው መንገድ ክፍሉን ከውጭ ጋር የሚያገናኙትን በሮች መክፈት ነው፤ አየሩ ወደ ሕዋ ይወጣል፣ እሳቱ ታፍኖ ይሞታል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ኦክስጅኑ እስኪመለስ መጠበቅ። በዚህ ጊዜ ጠላት የኦክስጅን ክፍሉን ከመታ የሚሆነውን እንተወው።

የዚህ ታሪክ መጠምዘዣ በ2007 ዓ.ም. ነው። ብራቤን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኢሊት ዴንጀረስን ይዞ መጣ። 400 ቢሊዮን የከዋክብት ሥርዓት፣ መላው ፍኖተ ሐሊብ በእውነተኛ መጠኑ፤ የታወቁት ከዋክብት ከሥነ ፈለክ መዝገብ ገብተውበታል። የመንኮራኩሯ ሙቀት፣ የኃይል ክፍፍል፣ የሞጁሎች ጉዳት፣ የሞተሩ ድምፅ ሁሉ ድንቅ ነው። ገንዘብ ከሕዝብ ሲሰበሰብ ግን ያለ ኢንተርኔትም እንደሚሠራ ቃል ተገብቶ ነበር። ጌሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ በኅዳር፣ ያ ቃል ተሰረዘ። ተጫዋቾች ጮኹ፤ አንዳንዱም ገንዘቤ ይመለስልኝ አለ። በ22 ኪሎ ባይት ጋላክሲ ያስገባ ሰው፣ በጊጋ ባይት ዘመን ያለ ኔትዎርክ አልችልም ማለቱ ነው። ለለንደን ተጫዋች ይህ የመርህ ክርክር ነው። ለፍኖተ ሰላም ተጫዋች ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ኖ ማንስ ስካይ ወጣ፤ ፕላኔቶቹ ከ18 ኩዊንቲሊዮን በላይ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሲወጣ ብዙ የጎደለው ነበር፤ ሠሪዎቹ ለዓመታት በነጻ እየጨመሩ ስማቸውን አድሰዋል። በዚያው ነሐሴ በባሕር ዳርና በጎጃም ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታም ተቋረጠ። በግንቦት 2011 አውተር ዋይልድስ ወጣ፤ በእንጨትና በቆርቆሮ የተጠጋገነች የምትመስል መንኮራኩር፣ በ22 ደቂቃ የምትጠፋ ፀሐይ፣ የሚጠገኑ ሞተርና ማረፊያ እግሮች ያሉበት፣ በዘመናችን ከተሠሩት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ጌም ነው። በተከታዩ ወር፣ በሰኔ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት በፈተና ሰሞን፣ ከዚያም ከሰኔ 15ቱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ተዘጋ። አውተር ዋይልድስን ቀድሞ በላፕቶፑ የጫነ ሰው ግን መጫወቱን አያቋርጥም ነበር።

የአገራችን ጌም ሠሪዎችም በዚሁ ሰሞን ተሰሙ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ በተባለች፣ ከገበሬው ቢላ በምትሸሽ ዶሮ፣ አፕስ አፍሪካ የተባለውን ሽልማት አገኘ። ኩኩሉ ምድር ላይ ናት። ሰማዩ የተነካው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ያለች አንዲት ኮከብ ቡና፣ የምትዞራት ግዙፍ ፕላኔትም አቦል እንዲባሉ ከኢትዮጵያ የቀረበውን ስም አጸደቀ። ታኅሣሥ 10 ማለዳ ደግሞ ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ታይዩዋን ተወነጨፈች። ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ግራም፣ ምሕዋሯ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ነበር። ፀሐይ ስታገኝ ባትሪዋን ትሞላ፣ ወደ ምድር ጀርባ ስትገባ ከባትሪው ትኖር ነበር። ከተጫዋቾቹ የመንኮራኩር ሰሌዳ ያልተለየ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን እንደገና መጀመር የለም።

በዚያው ዓመት ገደማ በየቤቱ ሌላ የሳተላይት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው አገልግሎት ሲዛወሩ፣ በምዕራብ በኩል ወደ ናይልሳት የዞረው ዲሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ መዞር ነበረበት። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ዲሹን ይዟል፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ ልጅ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣለች። "መጣ?" "አልመጣም!" "አሁንስ?" "መጣ፣ መጣ... ሄደ! ጋሼ፣ ወደነበረበት መልሰው!" ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር በጣት ስፋት እንቅስቃሴ ይገኛል፣ ይጠፋል። ይህን የሠራ ሰው የኦርቢተርን የመገጣጠም ትምህርት ሲጀምር ባዶ እጁን አይደለም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ጠፋ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት፣ የሆስፒታል ምንጮች ለዜና አውታሮች እንደተናገሩት፣ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ጦርነት ባለበት አገር ጨዋታ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል፤ ወጣት ግን ቤት ውስጥ በሚውልበት ቀን ሁሉ አንድ ነገር ይሠራል።

ያ ወጣት መንገድ ሲከፈት ወደ ኮምፒውተር ቤት ይሄዳል። ፍላሹን ያስቀምጣል።

"ወንድሜ፣ የጠፈር ጌም አለህ?"

"ፊፋ አለ፣ ፔስ አለ፣ ጂ ቲ ኤ አለ። የጠፈር... የተኩስ ነው የምትፈልገው?"

"ተኩሱ ይቅርብኝ። መንኮራኩሯን ራሴ የምነዳት፣ ስትበላሽም ራሴ የምጠግናት።"

ባለ ሱቁ ሃርድ ዲስኩን ሲያገላብጥ የሚያገኘው በአብዛኛው ኳስና ተኩስ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሰው የሚጠይቀውን ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ጠያቂው ስም ይዞ መሄድ አለበት።

ስሞቹን ልንገር። በቅድሚያ ኦላይት፦ የመጀመሪያው ኢሊት በነጻ እንደገና የተሠራበት፣ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ የሚይዝ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራ። የሕዋን ሕግ በቁም ነገር የሚፈልግ ፓዮኒርን ይውሰድ፤ የፍሮንቲየር የመንፈስ ልጅ ነው፣ እሱም ነጻ ነው። ጸጥታ የሚሻ ኖክቲስን፣ የድሮ ጌሞችን ከሚያስኬደው ዶስቦክስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር፤ ማሽን የሚሻና ለመማር ትዕግሥት ያለው ኦርቢተርን። ኤፍ ቲ ኤልና አውተር ዋይልድስ በዶላር ካርድ የሚገዙ ናቸውና ውጭ አገር ዘመድ ያለው ለበዓል ስጦታ ይጠይቅ፤ አውተር ዋይልድስ ግን ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ እስከ ዛሬ ያላለቀውን ስታር ሲቲዝንን መጠበቅ አያስፈልግም። ኢንተርኔት በተገኘበት ቀን ነጻዎቹን አራቱን አውርዳችሁ ለሰፈር ልጆች በፍላሽ አካፍሉ፤ ሕጋቸው ይፈቅዳል። ኢሊት ዴንጀረስን ደግሞ ኔትዎርኩ እስኪረጋ ተዉት።